የሣር ማጠጫ ስፕሪንክለር፦ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ወይስ የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ?

አዳማ ላይ በጋው ሲጠና ሣር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል።

ዋጋ፦ የሰፈሩ ሠራተኛ ይረክሳል። ተቋራጩ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመርበታል፤ ደረሰኝ ግን በእጅህ ይቀራል።

ሥራ፦ እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። አምና በርካሽ አሠራሁ፤ ውሃው ከሮቶ እንደሚወርድ እያየ ግፊቱን የለካ የለም፣ ሲከፈት ስፕሪንክለሩ መርጨቱን ትቶ እግሩ ሥር ጠብ ጠብ አለ። ሮቶ 10 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ ብዙው ስፕሪንክለር 2 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ፓምፕ ያስፈልግ ነበር። ጎበዝ ተቋራጭ መጀመሪያ ይለካል፣ የአዳማን ንፋስም ያስባል፣ አለዚያ ውሃህ አስፋልት ያጠጣል።

ስጋት፦ የግቢው ውሃ ወደ መጠጥ መስመር እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ ይግባ። ማንም ይሥራው፣ ይህን አትለፍ።

ፈቃድ፦ ወረቀቱን ብቻ አይተህ አትመን። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የዘንድሮውን እድሳትና የሥራ ዘርፉን አንብብ።

ሁለት ሦስት ስፕሪንክለር ለሚበቃት ግቢ፣ ሥራውን የምታውቀው የሰፈር ሠራተኛ ይበቃል። ሰፊ ግቢ፣ ፓምፕና ሰዓት ቆጣሪ ካለው ግን ተቋራጭ ያዝ፣ ዋስትናውንም በጽሑፍ አስፈርመው።