ሴንት ቶማስ ለምትመጡ፦ «ውሃና መብራቱን ጨርሼ ቁልፉን ብቻ አስረክባችኋለሁ» የሚለውን ደላላ ተጠንቀቁ

ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ነገ ብጽፈው ይለሳለሳል፤ እንዲለሳለስ ደግሞ አልፈልግም።

ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወደ ሴንት ቶማስና ወደ ሌሎቹ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ለሆስፒታል ሥራ ለመምጣት የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ገንዘቡ ዶላር ነው፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ቪዛ የለበትም። ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ የመዛወር ያህል ይመስላል። ውሃና መብራቱ ላይ ሲደርስ ግን የምታውቁት ነገር አይሠራም።

እዚህ ብዙው ቤት ከመንገድ የሚገባ የውሃ መስመር የለውም። የዝናቡ ውሃ ከጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ ከቤቱ ሥር ወዳለ ትልቅ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ ይገባል። ሲስተርን ይሉታል። ከዚያ ወደ ቧንቧው የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል። ዝናብ ሲቀር በቦቴ ይገዛል። መብራት የሚያቀርበው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ዋፓ ይለዋል። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 40 ሳንቲም ይከፈላል፤ ሜሪላንድ ስንከፍል የነበረውን እጥፍ ያህል ማለት ነው።

ደላላውን ታውቁታላችሁ። ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ ያነሳል። «እኔም እንደ እናንተ ከዋናው አሜሪካ ነው የመጣሁት፣ መጀመሪያ ላይ ያየሁትን ፍዳ እናንተ አታዩም» ይላል። በ1,900 ዶላር መብራቱን በስማችን ሊያስከፍት፣ በሲስተርኑ 5,000 ጋሎን ውሃ ሊያስሞላ፣ የጋዝ ሲሊንደር ሊያስቀምጥ፣ ኢንተርኔት ሊያስገባ ተስማማን። ሙሉውን ከፍለን ተነሳን።

የደረስነው ማታ ነው። ልጆቹ ቆመው ይተኛሉ፣ ሻንጣው ገና ደጅ ነው። መብራት አለ። ቧንቧውን ስከፍት ውሃው በኃይል ወረደ። ሰውየው በረንዳው ላይ ወረቀት ዘርግቶ እስክርቢቶ አቀበለኝ። «ሲስተርኑን ልየው» አልኩት። አዎ፣ ጠይቄዋለሁ! «ክዳኑ ከባድ ነው እህቴ፤ በማታ ከተከፈተ ትንኝ ይገባበታል፣ ዴንጊ ደግሞ አይቀለድበትም። ነገ በቀን አብረን እናየዋለን» አለኝ። የልጆቼን ጤና አንስቶ ነው ያስፈረመኝ። በማግስቱ አልመጣም፣ ስልኩንም ማንሳት አቆመ።

ሳምንት ሳይሞላ ፓምፑ ማቃሰት ጀመረ። ባለቤቴ ክዳኑን አንስቶ በባትሪ አበራ። ሲስተርኑ 12 በ10 ጫማ ነው። 5,000 ጋሎን ቢገባበት ከአምስት ጫማ ተኩል በላይ ይቆም ነበር። የመጥረጊያ እንጨት ሰደድንበት፤ የረጠበው አምስት ኢንች ብቻ ነው። 400 ጋሎን እንኳ አይሞላም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ግድግዳው ነው። ከጉልበት በላይ ደረቅ ነው፣ ሸረሪት ድር አድርቶበታል። እዚያ ላይ ውሃ ከደረሰ ስንት ጊዜ እንደሆነው እንጃ። ቦቴ የሚባል ነገር በዚያ ግቢ አልቆመም።

ፎቶ አንስተን ቢሮው ሄድን። በዚህ ደሴት ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው፤ ሱቅ ስትገቡም፣ ታክሲ ስትሳፈሩም መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» ነው። እኛም በደንብ ሰላም አልን። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና አላለችም። ቆመን ጠበቅን። ወንበር አለ፣ ተቀመጡ ያለን የለም።

በመጨረሻ ደላላው ወጣ። ፎቶውን ሳሳየው አላየውም። ከመሳቢያው ያቺን ወረቀት አውጥቶ ፊቴ ላይ ዘረጋት። «ይሄ የማን ፊርማ ነው?» አለኝ። የኔ ነው። «ምን ይላል? ሙሉ ተረክቤያለሁ ይላል።» ያቺን ማታ ክዳኑን ልክፈት ስለው የከለከለኝ እሱ ራሱ እንደሆነ ነገርኩት። መልስ አልሰጠኝም። እኔን ትቶ ወደ ባለቤቴ ዞረና «ሚስትህ ልጆቹን ደጋግማ ታጥባለች መሰለኝ። ደሴት ላይ ውሃ መቆጠብ ትለምዳላችሁ» አለው። ያኔ ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና አለች። ሳቀች።

አራት ሰው በሳምንት 4,600 ጋሎን ጠጥቶና ታጥቦ ጨረሰ ነው የሚለን። እኔ ሕይወቴን በሙሉ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደግኩ ሰው ነኝ። በጀሪካን ቀድቶ፣ በጆግ ለክቶ መታጠብ ማንም አያስተምረኝም። ገንዘቡ ይቆጨኛል፤ ያ ንግግር ግን ከገንዘቡ ይበልጥብኛል።

የመብራቱም ነገር ያው ነው። ዋፓ ሄደን ስንጠይቅ በስማችን የገባ ማመልከቻ የለም። ሲበራልን የነበረው በቀድሞው ተከራይ ሂሳብ ነው፤ ተከራዩ ደግሞ ይዘጋልኝ ብሎ አመልክቷል። መታወቂያና የኪራይ ውል ይዘን፣ ማስያዣ ከፍለን ራሳችን አስከፈትነው። ፓምፑም ያለ ውሃ ሲሽከረከር ተቃጥሎ ሌላ ገዛን። ሲሊንደሩ ብቻ ነው በትክክል የተቀመጠው።

ለምትመጡት፦ የመብራቱን ሂሳብ ራሳችሁ ክፈቱ። ክዳኑ ተነስቶ ሳታዩ ምንም ወረቀት አትፈርሙ። የሲስተርኑን ርዝመት፣ ስፋትና የውሃውን ጥልቀት በጫማ አባዙና በ7.5 አባዙት፤ ጋሎኑን ይሰጣችኋል። ቦቴው ሲመጣ እቤት ሁኑ፣ ክፍያውም በቀጥታ ለባለ ቦቴው ይሁን።

እኔ ለደሴቶቹ የንግድ ፈቃድና የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እያዘጋጀሁ ነው። በዚህ መንገድ ገንዘቡን የበላበት ሌላ አበሻ ካለ ደረሰኙን ይያዝና ይፈልገኝ፤ አብረን እናስገባዋለን።