ለሂርማታው እንጨት ሠሪ ምስጋና፤ አሮጌ ዕቃ ያላችሁ ስሙኝ

ጅማ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ያረጀ፣ የተሰነጠቀ፣ «ይሄማ አለቀለት» የተባለ ዕቃ ካላችሁ እባካችሁ የትም አትንከራተቱ። ሂርማታ መርካቶ አካባቢ፣ ከአልጋና ከበርጩማ ሠሪዎቹ መሀል አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ላደረጉልኝ ነገር በቃል ብቻ አመስግኜ ማለፍ ከብዶኝ ነው ይህን የምጽፈው። ስማቸውን እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል፤ እኔም «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዕቃው የአያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ውጅግራ ነው። በአድዋ ዘመን ብዙ ወታደር ይዞት የዘመተው ያ የፈረንሳይ ጠመንጃ፤ 1874 የሚለው የሞዴሉ ቁጥር ብረቱ ላይ የተቀረጸበት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። አያቴ እጅ እንዴት እንደገባ ቤታችን ውስጥ የተለያየ ታሪክ ይወራል፤ በሁሉም ላይ ግን ጀግናው አያቴ ናቸው። አይተኮስም፣ እንዲተኮስም አልፈልግም። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ከሥራ መልስ ጭንቅላቴን የማሳርፍበት ነገር ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ሌላው ኳስ ያያል፣ እኔ ዝገት እፈትጋለሁ። ብረቱን በላምባና በጨርቅ ቀስ እያልኩ ራሴ አጸዳሁት። እንጨቱ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። አያቴ በጊዜያቸው በእርጥብ ጠፍር ጠምጥመው አስረውት፣ ጠፍሩ ሲደርቅ ጥርቅም አድርጎ ይዞት፣ እስከ እኔ ዘመን ደርሷል።

መጀመሪያ የሰጠሁት ሌላ ቦታ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፣ የሰው እንጀራ ነው። ግን እስካሁን ያንገበግበኛል! እንጨቱን ብቻ ፈትቼ ነው የወሰድኩላቸው፣ ብረቱ ከቤት አይወጣም። «ሰኞ ና»፣ «ልጁ ዛሬ አልገባም»፣ «መብራት ጠፍቶ ነው»፣ አንድ የቀረ ሰበብ የለም። ስልክ ማንሳትም ተዉ። በመጨረሻ ሲያስረክቡኝ ጠፍሩ የለም። ቆርጠው ጥለውታል! «ቆሻሻ ነበር እኮ፣ አጸዳንልህ» አለኝ ሰውዬው፣ እንዳመሰግነው እየጠበቀ። ስንጥቁ ላይ ሚስማር መትተው፣ ኮላ ደፍተውበት፣ ከላይ እንደ ሆቴል በር የሚያብለጨልጭ ቨርኒሽ ለቅልቀውበታል። ከፍዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ዕቃው በእጃቸው ነው።

ለእማዬ አላሳየኋትም። ክረምት ሲገባ ደግሞ፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስንጥቁ እንደገና አፉን ከፈተ። ሌላ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። እሱ ደግሞ በእጁ እንኳ ሳይነካው «ይሄ ማገዶ ነው፣ አዲስ ልሥራልህ» ብሎ ዋጋ ጠራ። አዲስ ብፈልግማ ምን አደከመኝ!

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስሄድ ከአንድ ግንድ በርጩማ እየጠረቡ ነበር፣ ያን ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ። ሰደፉን ከማዳበሪያው ሳወጣው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ገንዘብ አይደለም። «ልጄ፣ ወረቀት አለው?» አሉ። አሳየኋቸው። ከ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ወዲህ ያለፈቃድ መሣሪያ መያዝ ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውም እንጨቱን ብቻ እንጂ ብረቱን እንደማይነኩ እዚያው ቁርጡን ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ከዚያ ሚስማሩን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። የማንን ስም ግን አላነሱም፣ ማን እንደሠራውም አልጠየቁኝም።

ያደረጉትን ሁሉ ተረድቼዋለሁ ብል ውሸት ነው። ሚስማሩን ነቀሉ፣ ቨርኒሹን ላጡ፣ ስንጥቁ ውስጥ የእንጨት ችንካር ቀበሩ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። አንዱን ነገር ግን በዓይኔ ስላየሁ ልናገር። ሰደፉ ላይ ተመትቶ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑትና ከሰል ካውያ አግለው ጫን አደረጉበት። ጢስ አለ፣ እንፋሎቱ ተነሣ። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርጉት ጉድጓዱ ሞልቷል! ያልተቆረጠ፣ የተረገጠ ብቻ እንጨት እንፋሎት ሲያገኝ ተመልሶ ያብጣል አሉኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ እሳቸው ሌላውን ጉድጓድ ፍለጋ በጣታቸው ሰደፉን ይዳብሳሉ።

የማልረሳላቸው ግን ሌላ ነው። ስለ ጠፍሩ ነገርኳቸው፣ እንዴት ተቆርጦ እንደተጣለ። ዝም ብለው ሰሙኝና «አሁን አያትህ እንዴት እንደጠመጠሙት የሚያውቅ ሰው አለ?» አሉ። እናቴ አለች አልኳቸው። «እንግዲያው ይዘሃት ና።»

ወሰድኳት። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፣ ብዙ መቆምም አትችልም። ገና ከባጃጅ ስትወርድ በርጩማ አቀረቡላት፣ ቡና አስመጡላት። ጠፍሩን አስቀድመው ነክረው አለስልሰውት ነበር። መጠምጠም ጀመሩና እኩል ያህል እንደሄዱ እማዬ እጇን ዘርግታ ዳበሰችው።

«አይ፣ አባዬ ከታች ወደ ላይ ነው የጠመጠመው። ጫፉንም ውስጥ ለውስጥ ነው የደበቀው።»

ሌላ ቢሆን «ምን ልዩነት አለው» ይላል። ይባስ ሲልም ይቆጣል። እሳቸው ግን ያን ሁሉ የጠመጠሙትን ፈቱት። ሙሉ በሙሉ! እንደገና ከታች ጀመሩ።

«እንዲህ ነው እናቴ?»

«ጠበቅ።»

«እንዲህስ?»

«እህ። አሁን የአባዬን መሰለ።»

እማዬ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ስለሳቸው ብዙ አታወራም ነበር። ያን ቀን ግን ወሬዋ አላቋርጥ አለ፤ በልጅነቷ ጠመንጃውን ለመንካት ስትሞክር እንዴት እንደገሠጿት፣ ጠፍሩ ከቆዳው የወጣበት በሬ የማን እንደነበር ሳይቀር። ጋሼ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያሉ ያስጫውቷታል። የኔ እናት ለማንም እንግዳ ሰው እንዲህ ተፍታታ አታውቅም።

በመጨረሻ እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀቡት። ያ የሆቴል በር ነገር ጠፍቶ የእንጨቱ መልክ ወጣ። የጠየቁኝ ዋጋ የመጀመሪያዎቹ ከወሰዱብኝ ግማሽ አይሞላም። የጠፍሩን ብጨምርላቸው «እሱ የእናትህ ነው» ብለው መለሱልኝ። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የዚህ አገር እጅ እንጨት ላይ ምን እንደሚሠራ አይጠፋውም፤ ያ እጅ ዛሬም አለ፣ ሂርማታ ተቀምጦ በርጩማ ይጠርባል፣ እኛ ግን ቨርኒሽ ለቅላቂ ፍለጋ እንዞራለን።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ካለ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ገለቶማ! ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እማዬም በሰላምታዋ መሀል ስምዎን ትጠራለች።

እናንተም ሂዱ። የእናታችሁ ሙዳይ ይሁን፣ የአያታችሁ አልጋ፣ የተሰነጠቀ ገበታ፣ ምንም ይሁን፣ ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸው ይዩት። አይሆንም ካሉ አይሆንም ይሏችኋል፣ ገንዘብ ለመብላት አያመላልሱም። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ በሩ አደርሳችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቡና ለቀማ ሲደርስ ሱቃቸውን ዘግተው ገጠር ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ከጥቅምት በፊት ቶሎ በሉ። ስትሄዱ ደግሞ ዋጋ አትከራከሯቸው፣ በጣም ነው የሚያፍሩት።