የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ በጎንደር፦ ሻጩ፣ ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው

ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለ የቤተሰብ ግቢ ውስጥ የገንዳ ፓምፕ ለማስቀየር ሦስት ባለሙያ አሠራን፦ ፓምፕ ሻጭ፣ ቧንቧ ሠራተኛና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ገንዳው 8 በ4 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ በአማካይ 1.5። ከሦስቱ ቧንቧ ሠራተኛው ዋጋውን አግኝቷል ማለት ያንሰዋል።

ሻጩ ገና ከበር ሳንገባ «ስንት ፈረስ ጉልበት?» አለ። መጠየቅ የነበረበት ገንዳው ስንት ውሃ እንደሚይዝ፣ ቧንቧው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነና ማጣሪያው በሰዓት ስንት እንደሚያሳልፍ ነበር። ገንዳው 48 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ውሃው በ8 ሰዓት አንዴ ተጣርቶ እንዲዞር በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። ሻጩ ግን «ትልቅ ከሆነ አይደክምም» እያለ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሊያሸክመን ነበር። ፓምፕ በቅሎ አይደለም። ፍጥነቱ አንድ የሆነ ትልቅ ፓምፕ ትንሽ ሥራ ቢሰጡትም መብራቱን እንደልማዱ ይበላል።

እኛ የመረጥነው ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ የሚያዋጣበት ምክንያት ቀላል ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንሱ የሚገፋው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 1.5 ኪሎዋት እየሳበ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ የሚያዞር ፓምፕ 6 ሰዓት ቢሠራ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ያንኑ 108 ሜትር ኩብ በግማሽ ፍጥነት በ12 ሰዓት ማዞር ይቻላል፤ የኢንቨርተሩን (ፍጥነቱን የሚያስተካክለውን ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ብክነት ጨምረን 250 ዋት ብንለው እንኳ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ድምፁም ይቀንሳል፤ ሌሊት ቢሠራ ጎረቤት አይነቃም።

ከአሜሪካ ይዞ መምጣት ለሚያስብ፦ እዚያ ከሐምሌ 2021 (በፈረንጆች) ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የመብራት ቁጠባ ደንብ ምክንያት በብዛት የሚሸጠው ፍጥነቱ የሚስተካከለው ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ዕቃ አለ። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ 50 ኸርዝና 220 ወይም 230 ቮልት መጻፉን ሳያዩ አይግዙ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ተራ ሞተር እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ በ17 በመቶ ይወርዳል፤ ግፊቱ ደግሞ በሲሶ ገደማ። ቮልቱ ካልቀነሰለት የሞተሩ ብረት ይግላል፣ የሽቦ ጥቅልሉም ይቃጠላል። የ110 ቮልቱን ነገር መናገርም አያሻም።

ወደ ቧንቧ ሠራተኛው እንምጣ። ሜትር አውጥቶ የለካው እሱ ብቻ ነው። የድሮው ፓምፕ ከውሃው በላይ በግንብ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፓምፕ ከታች ሲስብ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ግፊት ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ እስከ 10.3 ሜትር ይገፋል፤ ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚገኘው 8 ሜትር ገደማ ነው። ካታሎግ ላይ «7 ሜትር ይስባል» የሚለው እዚህ 5 ገደማ ነው ማለት ነው። መሳብ ሲያቅተው ጠጠር የሚያንጓጓ ይመስል ይጮኻል፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ውሃ ገፊ ክንፍም ይበላል። እሱም ፓምፑን ከውሃው ወለል 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ተከለው፤ በሁለቱም ወገን ቫልቭ አስገባ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ውሃው ራሱ ስለሚሞላው ደርቆ አይሽከረከርም። (የፋሲል መዋኛም ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚወርድ ውሃ ነው፤ ተዳፋት ካለ ፓምፕ አያስፈልግም።)

የመሳቢያውን 50 ሚሊ ሜትር ቧንቧም በ63 ቀየረው። በአንድ ዓይነት የውሃ መጠን የሰበቃው ብክነት ወደ ሲሶ ይወርዳል። መታጠፊያው ከፓምፑ አፍ ጋር እንዳይጣበቅ 30 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧ ተወ። ይህን ብዙዎቹ ይዘሉታል።

አንድ ነገር ብቻ አበላሽቷል፦ የፓምፑን ክዳን ጎማ ቫዝሊን ቀባው። ቫዝሊን ጎማውን ያሳብጠዋል፤ በሳምንቱ በመስታወቱ ክዳን ውስጥ ደቃቅ አረፋ እንደ ጠላ ሲፈላ ታየ። አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ፓምፑ እየሠራ በክዳኑ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ሲቀቡ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አዲስ ጎማና የሲሊከን ቅባት ጨረሰው፤ ተጠርቶ በማግስቱ መጥቶ ያለ ክፍያ አስተካከለ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መካከለኛ ነው። መብራት ሲመለስ 3 ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ የቮልቴጅ መከላከያ መግጠሙ ጥሩ ነው፤ የቮልት መዋዠቅ መጀመሪያ የሚያቃጥለው የኢንቨርተሩን ሰሌዳ ነው። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠውን የንዝረት መከላከያ ግን እስክንጠይቅ ድረስ አላስገባም። ሰው በሚዋኝበት ውሃ አጠገብ ይህ ይቅር የሚባል አይደለም። ፓምፑንም ዝናብ እንዳይመታው ብሎ በቆርቆሮ ሳጥን ዘጋው። ሞተሮች በብዛት የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ታስቦ ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ይደክማል፣ ሳጥን ሲጨመርበት ደግሞ ይታፈናል። ጣሪያውን ትተን ሁለቱን ጎን አስከፈትን።

ማጣሪያውን በተመለከተ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአሸዋ ማጣሪያ ይከብዳል። አንድ የ3 ደቂቃ እጥበት 500 ሊትር ያህል ይደፋል። ተነቅሎ የሚታጠበው ካርትሪጅ (የታጣጠፈ የጨርቅ ማጣሪያ) በጥቂት ባልዲ ይጠራል። የግፊት መለኪያውን ንባብ ማጣሪያው ንጹሕ በሆነበት ቀን ከነፍጥነቱ ግድግዳው ላይ ጻፉት፤ በዝቅተኛ ፍጥነት መርፌው እምብዛም ስለማይነሳ፣ ቆሻሻውን ለማወቅ ፓምፑን ለአፍታ ወደዚያው ፍጥነት ከፍ አድርጎ ማወዳደር ነው። ከ0.5 ባር በላይ ከጨመረ ይታጠባል።