የጋሽ ኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» በሸክላ ሰማሁት

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሸክላ ጋር ነው የከረምኩት። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት የወጣው፣ በ2013 ደግሞ እንደገና የታተመው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነው። እኔ ቤት ማጫወቻ ስለሌለ እየሄድኩ የምሰማው ታቦር አካባቢ አጎቴ ጋ ነው። አጎቴ በወጣትነቱ ኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ ማጫወቻውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው።

መጀመሪያ ስለ ድምፁ። ዛሬ ስቱዲዮ የተቀዳ ነገር አትጠብቁ፣ ካሴት ካሴት ይላል። ከበሮው ማሽን ነው፤ ያንኑ ምት ሲደጋግም አንዳንድ ቦታ ይሰለቻል፣ ይህን አልደብቅም። አኮርዲዮኑ ሲገባ ግን ሁሉንም ትረሱታላችሁ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ዋን ማን ባንድ የሚሉት። ሪትሙን ከፍላሽ እከፍታለሁ፣ በግራ እጄ ኮርድ፣ በቀኝ እጄ ዜማውን እይዛለሁ፣ የቀረውን ማሽኑ ይሠራልኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን ተጫወተ ቢሉኝ ብዙም አይደንቀኝም። ጋሽ ኃይሉም ይህን ሥራ የሠሩት ብቻቸውን ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ)፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የከበሮ ማሽን ይዘው። ልዩነቱ የገባኝ ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይዞ ይሄድና ትንፋሽ ይወስዳል፤ ያኔ ሲንተሳይዘሩ፣ «ተቀበል» እንደተባለ አዝማሪ፣ ከሥር ሁለት ሦስት ኖታ ጣል ያደርጋል። ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ ናቸው፣ ግን ሁለት ሰዎች እየተደማመጡ የሚጫወቱ ነው የሚመስለው። እኔ ክፍተት ካገኘሁ መሙላት ይቀናኛል። እሳቸው ይተዉታል።

ይህ ከየት መጣ ብትሉ ከባንድ ነው። ጋሽ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልደው፣ በ10 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ጀመሩ። ከዚያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ሆቴል መጫወት፣ ደግሞም በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ተጫዋቹም ታዳሚውም እስኪነጋ እዚያው የሚያድርበት ምሽት። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባንዱ ጋር ያወጡትን አልበም «ቼ በለው»ን ስሙት፤ እዚያ የእሳቸው ኦርጋን ከብዙ መሣሪያ መሃል አንዱ ነው፣ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ለዓመታት የለመደ ሰው ብቻውን ሲቀርም ተራ መጠበቁን አልተወም።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደ፣ ጋሽ ኃይሉ እዚያው ቀሩ። በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው እየዞሩ፣ ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። መድረክ የለ፣ ሰሚ የለ፣ ጣት ግን እንዳይረሳ ይሠራል። አንድ አሜሪካዊ ያችን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ እንደገና ካሳተማት በኋላ ነው ወደ መድረክ የተመለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበምም አወጡ።

አሁን አጎቴ ያሳየኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። የግራ እጁ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ የአኮርዲዮኑን የቤዝ ቁልፎች ይጫኑ ነበር፣ እሱ ራሱ ያወቀውም አይመስለኝም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ጣታቸውን ተወው፣ ወናፉን ስማ።» መልሰን ከፈትነው። እውነትም አንድ ኖታ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሃል ላይ ያብጣል፣ ከዚያ ሳይቆረጥ ይሳሳል። ቁልፉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ክንዱ የሚገፋው አየር ነው። ኪቦርድ ላይ ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ድምፁ ከእጄ ወጥቷል ማለት ነው፤ ቮሊዩም ፔዳል ካልነካሁ በቀር አልመልሰውም። ሠርግ ላይ ፔዳሉን ይዤ ሄጄ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ይዤ ሄድኩ፣ ለሙሽራዋ እናት ትዝታ ስጫወት ተጠቀምኩበት፣ እጄ ገና ነው ግን ዜማው ተነፈሰ።

ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ስጦታ ከፈለጋችሁ ይህን ስጡት። ጭፈራ ፈልጋችሁ ከሆነ «ቼ በለው» ይሻላችኋል፣ ይህኛው ማታ ረጋ ተብሎ የሚሰማ ነው። ማጫወቻ የሌላችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት፣ ግን በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ በስልኩ ስፒከር የሲንተሳይዘሩ ወፍራም ድምፅ ጭራሽ አይሰማም።