ቫታካናል ወይስ ሙናር? ደቡብ ህንድ ተራራ ላይ ለሚከርም መንገደኛ

ቦርሳውን አዝሎ ወር ሁለት ወር ሊቀመጥ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለቱ መሀል ነው።

መንገድ፦ ሙናር (ኬረላ) ከኮቺ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ አለ። ቫታካናል (ታሚል ናዱ) ከኮዳይካናል ከተማ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ኮዳይ ሮድ ባቡር ጣቢያ የወረደ ሰው ወደ 80 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ይጠብቀዋል፤ ሆዱ የሚረበሽ የፊት ወንበር ይያዝ። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግል መኪና ለሚገባ በኢንተርኔት የሚወጣ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዝናብ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሙናር ከሰኔ እስከ ነሐሴ በዝናብ ይደበደባል፤ ሻይ ቅጠሉ መሀል ሲሄዱ አልቅት ካልሲ ውስጥ ይገባል። ቫታካናል የሚብስባት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጉሙ ግን መቼም አይጠፋም፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶም እርጥብ ነው።

ኑሮ፦ ሙናር ገበያና ሆቴል አያጣም። ቫታካናል ላይ ጥሬ ገንዘብ ከከተማ ይዞ መውጣት ይሻላል። የእስራኤል ወጣቶች ስለሚያዘወትሯት ሁሙስ የሚባለው የሽምብራ ማባያ አይጠፋም፤ ዕብራይስጥ የሚችል ቶሎ ይላመዳል።

ሥራ ይዞ ለሚመጣ፣ ከቤተሰብ ጋር ላለ ሙናር ይመቻል። መጽሐፍና ሹራብ ይዞ ዝም ማለት ለፈለገ፣ እኔን ጨምሮ፣ ቫታካናል።