የበረዶ ሆኪ ጌም ለመግዛት፦ የፕሌይስቴሽን 3፣ የፕሌይስቴሽን 4 እና የኮምፒውተር ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የፕሌይስቴሽን ቤቶችን መደርደሪያ የያዘው እግር ኳስ ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ ዘመድ የላከው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን አልፎ አልፎ ከነበረዶ ሆኪ ሲዲው ስለሚመጣ፣ ቤቱን በአዲስ ነገር ማድመቅ የሚሻ ባለቤትም ስለማይጠፋ፣ ካሉት የሆኪ ጌሞች የትኛው ገንዘብ ሊወጣበት እንደሚገባ አነጻጽሮ ማየት ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የምመዝናቸው በዋናነት በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ተጫዋቹ በበረዶው ላይ የሚንሸራተትበት አኳኋን፣ ሁለተኛው ፓኳ (በሆኪ የኳስን ቦታ የያዘችው ጎማ) ከዱላው ጋር ያላት ግንኙነት ነው። የምስል ጥራት፣ የቡድኖች ብዛትና የኮሜንታተሮች ድምፅ ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

በገና ሰሞን በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመታ ያደገ ሰው ሆኪን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሜዳው በረዶ፣ ሩሯ ደግሞ ፓክ የምትባል 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ክብና ጠፍጣፋ ጎማ ናት ብሎ ማሰብ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋች ያሰልፋል፤ ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት። ኤንኤችኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ በመሆኑ ፓኳ ከግድግዳው እየነጠረች ትመለሳለች እንጂ እንደ እግር ኳስ በየደቂቃው ወደ ውጭ አትወጣም።

መንሸራተቱና ፓኳ

በእግር ኳስ ጌም ተጫዋቹን ወደ ግራ ሲያዞሩት ወዲያው ይታጠፋል። የሆኪ ጌም እንዲህ ካደረገ ግን ከመሠረቱ ስቷል። በስለታም ብረት ላይ የቆመ ሰው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ለመታጠፍ ሰፊ ቅስት መሥራት፣ ለመቆም ደግሞ ጫማውን ወደ ጎን አዙሮ በረዶውን መፋቅ ስላለበት፣ ጆይስቲኩን የያዘው ሰው የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ እንዲያስብ ይገደዳል፤ የሆኪ ጌም ደስታም ከዚህ ይመነጫል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ተጫዋቹን በግድግዳው ጥግ በሙሉ ፍጥነት ያስኪዱትና የግራውን አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋውን የጆይስቲኩን ዘንግ) ድንገት ይልቀቁት። ባለበት ቀጥ ብሎ ከቆመ ጌሙ የእግር ኳስ ሩጫን በነጭ ሜዳ ላይ የገለበጠ ነው፤ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ተንሸራቶ ከራቀ ግን የሠሩት ሰዎች በረዶ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ማለት ነው።

ፓኳን በተመለከተ ደግሞ ደካማ ጌም ከዱላው ጋር አጣብቆ ያስኬዳታል፤ ተቃራኒው እስኪገጭዎ ድረስ አትለይዎትም። ጥሩው ጌም ግን በኃይል ሲታጠፉ ያስመልጥዎታል፣ የመጣችልዎ ፓክ ፈጣን ከሆነች ዱላዎን ገጭታ ትነጥራለች፣ በተጫዋቾች እግር መካከልም አቅጣጫዋን ትለውጣለች። ጀማሪን የሚያናድደው ይኸው ባሕርይ ነው፤ ሆኖም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጌሙ እንዳይሰለች የሚያደርገውም ራሱ ነው።

ግብ ጠባቂው ሌላው መፈተኛ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሴጋና ሱፐር ኒንቴንዶ ለተባሉት የዱሮ የጌም ማሽኖች የወጣው ኤንኤችኤል 94 የተባለው ጌም የተቀበሉትን ፓክ ሳያስቆሙ በቀጥታ መምታትን በሊጉ ስም ለሚወጡት ተከታታይ ጌሞች ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ከግቡ አንድ ጎን ወደ ሌላው አሻግሮ በአንድ ምት ማስቆጠር የሆኪ ጌም ዋነኛ ጣዕም ሆኗል። ነገር ግን ይህ ዘዴ በተሞከረ ቁጥር ግብ የሚያስገኝ ከሆነ ማንም ሌላ ነገር አይሞክርም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታወቅና ጌሙ ያልቃል።

ሲዲዎቹ ጎን ለጎን

ኢኤ ስፖርትስ የተባለው የጌም ድርጅት የሚያወጣው የኤንኤችኤል ተከታታይ በኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ባለ የጌም ማሽን) ላይ ተፎካካሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቱኬ የተባለው ድርጅት ያወጣው የነበረው ተከታታይ በትልቅ ኮንሶል ላይ ከኤንኤችኤል 2ኬ11 ወዲያ አልቀጠለም። ስለሆነም የገዢው ጥያቄ «የየትኛው ዓመት?» የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ በእግር ኳሱ የለመድነው «አዲሱ ይሻላል» የሚለው ግምት አይሠራም።

ፕሌይስቴሽን 3 ላለው ሰው ኤንኤችኤል 14ን ወይም በ2015 የወጣውን ኤንኤችኤል ሌጋሲ ኤዲሽንን አስቀድማለሁ። ሁለቱም የቀኙን አናሎግ የዱላው እጅ አድርገው ይጠቀሙበታል፤ አናሎጉን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋት ከባዱን ምት ሲሰጥ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ ፓኳን ከተከላካይ ለማሸሽ ያገለግላል። ይህ አሠራር በ2006 በኤንኤችኤል 07 የመጣ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ጌሙን ወደ እውነተኛው ሆኪ ከአዳዲስ ምስሎች ሁሉ የበለጠ ያቀረበው እሱ ነው። ኤንኤችኤል 14 ከዚህ በተጨማሪ በሁለት ቁልፍ ብቻ የሚጫወቱበትን የኤንኤችኤል 94 መታሰቢያ ይዟል፤ ማስተላለፊያው አር2 ላይ መሆኑ ለሚያደናግራቸው የእግር ኳስ ለማጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፒያሳ አካባቢ ጆይስቲክ የጨበጠ ልጅ ቁጭ እንዳለ ኤክስን ደጋግሞ ይጫናል፣ ምንም አይተላለፍለትም፣ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል። መቆጣጠሪያውን ወደ ቀላሉ ለውጠው ቢሰጡት እዚያው ቁጭ ብሎ ያመሻል።

ከእነዚህ ጋር በፕሌይስቴሽን 4 የወጣውን የመጀመሪያውን፣ ኤንኤችኤል 15ን፣ ቢያስተያዩት ልዩነቱ ያስገርማል። የተጫዋቾች ግጭትና የፓኳ ነጠራ በእርግጥ ተሻሽሏል፣ የስታዲየሙም ድባብ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሲወጣ ከቀደመው ትውልድ የጨዋታ ዓይነቶች ብዙዎቹ ተቀንሰውበት ስለነበር ገዢዎች ክፉኛ ወቅሰውታል። ርካሽ ሆኖ ቢያገኙትም እለፉት። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ኤንኤችኤል 22ን ወይም በ2023 የወጣውንና ለዚህ ኮንሶል የመጨረሻ የሆነውን ኤንኤችኤል 24ን ቢፈልግ ይሻላል። በኤንኤችኤል 24 አንድ ቡድን ሌላውን በራሱ ክልል አፍኖ ሲይዝ ተከላካዮቹ ይደክማሉ፣ ግብ ጠባቂውም ይዝላል፤ ይህ ከእውነተኛው ጨዋታ የተቀዳ ነው፤ ምክንያቱም የሆኪ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ወጥቶ ሌላ የሚተካው ድካሙ ከባድ ስለሆነ ነው። ከኤንኤችኤል 25 ጀምሮ ያሉት የሚሠሩት ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለአዲሱ ኤክስቦክስ ብቻ ነው።

አዲሶቹን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ያገናዝብ። ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን የሚገነቡበትና ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጋጠሙበት የጌሙ ክፍል በሙሉ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ማሻሻያውም በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይበላል። መስመሩ በየጊዜው የሚቆራረጥበት ሰው ለአዲሱ ሲዲ የከፈለውን ያህል አይጠቀምበትም። ከኮምፒውተር ጋር መጫወት፣ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቡድን ተሰልፈው መግጠም፣ የክለብ አስተዳዳሪ ሆኖ ዓመታትን መዝለቅ ግን ያለ ኢንተርኔት ይቻላሉ፤ እነዚህን ደግሞ አሮጌዎቹም ያደርጓቸዋል። መብራት የሚያስቸግርበት ሰፈር ከሆነ የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመት ወደ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ማውረድ ጨዋታው ሳያልቅ ስክሪኑ እንዳይጨልም ይረዳል፤ በጨዋታ ቁጥር ለሚያስከፍል ቤትም ይኸው ልክ ነው። በተቃራኒው ኦፍሳይድንና የሁለት ደቂቃ ቅጣትን ጨርሶ ማጥፋትን አልመክርም፤ አንድ ሰው ጎድሎ መከላከል ያለበት ሆኪ ውጥረቱ ብዙ ነውና።

ኮምፒውተር ብቻ ላለው

ኢኤ ለኮምፒውተር ያወጣው የመጨረሻው የሆኪ ጌም በ2008 የወጣው ኤንኤችኤል 09 ስለሆነ፣ ላፕቶፕ ይዞ የቅርብ ዓመቱን ኤንኤችኤል የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። በምትኩ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ያሉት ትናንሽ ጌሞች አሉ። ስላፕሾት ሪባውንድ በነጻ ይገኛል፤ ፓኳ ሙሉ በሙሉ በፊዚክስ ሕግ የምትንቀሳቀስ፣ ዱላውም ከእጅዎ ጋር የሚዞር በመሆኑ ከላይ በጠቀስኳቸው ሁለት መመዘኛዎች ከብዙ ውድ ጌሞች ይበልጣል፤ ሆኖም ዋናው ጨዋታ በኢንተርኔት ከሰው ጋር ነው፣ መስመሩ ከዘገየ ደግሞ ፓኳ ያሉበት ቦታ ሳትደርስ ያለፈች ይመስልዎታል። በ2017 የወጣው ሱፐር ብለድ ሆኪ በበኩሉ እውነተኛነትን ትቶ ሳቅን የመረጠ፣ በነጠብጣብ ምስል የተሠራና በአቅመ ደካማ ማሽን የሚሠራ ነው፤ በአንድ ስክሪን ፊት ለተሰበሰቡ ጓደኛሞች ጥሩ ነው፣ ደሙ ግን ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ኢስትሳይድ ሆኪ ማናጀር ደግሞ ዱላ የማያስጨብጥ፣ በጽሑፍና በቁጥር ክለብ የሚያስተዳድሩበት ነው፤ የእግር ኳስ ማናጀር ወዳጆች ወዲያው ይለምዱታል።

ለሚያከራይ ቤት፣ በተለይም ኮምቦልቻ ሙቀቱና አቧራው ማሽን በሚፈትንበት ቦታ፣ ምርጫዬ ፕሌይስቴሽን 3 ከኤንኤችኤል 14 ጋር ነው። ለቤቱ ብቻ የሚገዛና ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ኤንኤችኤል 24ን ይውሰድ። ሲገዙ ሲዲው ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቁ፤ የፕሌይስቴሽን 3 እና የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎች ከየትም ቢመጡ በአብዛኛው ይሠራሉ፣ የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ ግን የተሸጠበት አካባቢ ከማሽኑ ጋር ካልገጠመና ማሽኑ የሌላ አካባቢ ሲዲ እንዲያነብ ካልተስተካከለ አይሠራም፤ ስለዚህ በተለይ የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ ከሆነ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ማሽን ላይ ያስጀምሩት።