ለቁልቢ ድሬዳዋ የምታድሩ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

"ኤሲ ያለው፣ ባለ ሁለት አልጋ፣ 900 ብር ብቻ። ቀብድ 500 በቴሌብር።" እንዲህ የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ድሬዳዋ ላይ ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ርካሽ አልጋ ላይ ቂም የለኝም። እንዲያውም ከአገር አገር ስዞር የማድረው እዚያው ነው። ንጹህ አንሶላ፣ የሚቆለፍ በር፣ ውሃ። አለቀ። ቴሌቪዥኑ ባይሠራ፣ ሳሙናው ሚጢጢ ቢሆን ግድ የለኝም፤ በከፈልኩት ልክ ነው። የሚያንገበግበኝ በርካሽ ዋጋ ጠርቶ፣ በውድ አስከፍሎ፣ ርካሹንም እንኳ በቅጡ የማይሰጠው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የሐምሌ ገብርኤል ስለት ነበረባት። ቁልቢ ደጋ ነው፤ እዚያ ብርድ ላይ ማደር ለእሷ ዕድሜ አይሆንም። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ድሬ አድረን ሌሊት ልንወጣ አሰብን። በደንገጎ ዳገት ወጥታችሁ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ቁልቢ ነው፤ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አክስቴ ግን ደም ግፊት አለባት። የድሬን የክረምት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ኤሲውን የፈለግነው ለቅንጦት አልነበረም።

ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ቅን ነው አነጋገሯ። "አለ ወንድሜ፣ ግን ለበዓሉ ሰው እየበዛ ነው፣ ቀብድ ላክና ይያዝልህ" አለች። ስልክ ሰጠችኝ። ቴሌብር ላይ ሳስገባው የመጣው ስም የሆቴሉ ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ነው። ጠየቅኳት። "የካሸራችን ነው፣ አታስብ" አለች።

ድሬ ስንደርስ መሽቷል። ሻንጣ ይዘን ሪሴፕሽን ቆምን።

"ኤሲ ያለው አልቋል።"

"ቀብድ ልኬያለሁ እኮ።"

"አዎ፣ ቀብዱ አልጋ ለመያዝ ነው። አልጋ ይዘናል። ቬንትሌተር ያለው።"

"እንግዲያው ገንዘቤን መልሱልኝና ሌላ ቦታ ልሂድ።"

"ቀብድ አይመለስም፣ ሕግ ነው።"

የማን ሕግ እንደሆነ ስጠይቅ ከጀርባዋ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት አሳየችኝ። ራሳቸው የጻፉት። ኤሲ ያለው ክፍል ከተለቀቀ ደግሞ "የበዓል ዋጋ" 1,500 ነው አለችኝ። አያችሁ ጨዋታውን? 900ው ከመጀመሪያውም የቬንትሌተር ዋጋ ነው። ፎቶው ብቻ ነው የኤሲው። እናንተ ደክማችሁ፣ መሽቶባችሁ፣ ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ከተማው በበዓል እንግዳ ሞልቶ፣ 500 ብር ጥላችሁ እንደማትወጡ ያውቃሉ። ቀብዱ አልጋውን ሳይሆን እናንተን ነው የሚይዘው።

ይሄ ገና መጀመሪያው ነው። ሂሳብ ሲመጣ 900ው 900 አይደለም። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ 1,138 ብር ከ50 ሆነ። የሻንጣ ተሸካሚ በሌለበት፣ ፎጣ ለማግኘት ሦስተኛ ፎቅ ወጥተህ ወርደህ በምትለምንበት ቤት የምን ሰርቪስ እንደሆነ አላውቅም። እሺ፣ ይሁን። ከቀብዱ የቀረውን 638 ከ50 ከፈልኩ። የተሰጠኝ ደረሰኝ ግን የ506 ብር ነው። በስልኬ ካልኩሌተር ብሠራው ነገሩ ወለል አለ። ደረሰኙ የተቆረጠው በ400 ብር ላይ ነው። የላክሁት 500 ብር ማሽኑን አላየውም። ከእሱ ላይ "ቫትና ሰርቪስ" ተብሎ የተወሰደብኝ 132 ከ50ም አብሮ ኪስ ገብቷል። ስለዚህ ቀብድ በግለሰብ ስልክ ሲባል ነገሩ የእናንተ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቫት የማስቀረትም ነው። ነገ ብትከራከሩ ያንን 500 ብር ሆቴሉ ስለመቀበሉ የሚያሳይ አንድም ነገር የላችሁም። "እሱ ልጅ ሥራ ለቋል" ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?

ክፍሉ ላይኛው ፎቅ ነው። ድሬ ላይ ላይኛው ፎቅ ማለት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ኮንክሪት ራስህ ላይ ተሸክመህ መተኛት ማለት ነው። ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ያዞረዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። መስኮት አለው፤ የሚከፈተው ግን ወደ ኮሪደር ነው። ሌሊት መብራት ሄደ። ጄኔሬተር ተነሳ፤ አምፖሉ በራ፣ ቬንትሌተሩ ግን አልዞረም። ለአምፖል ብቻ ነው የተዘረጋው አሉ። ኤሲ ያለው ክፍል የደረሳቸው ሰዎችም በራቸውን ከፍተው ኮሪደር ላይ ሲያራግቡ አገኘኋቸው። 1,500 ከፍለው!

አክስቴን ይዤ ወደ ግቢ ወረድኩ። ዘበኛው በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ጋደም ብሏል። ቦታ ለቀቀላትና ሳቀ። "አቦ፣ እናንተ ከፍላችሁ ውስጥ ትቀቀላላችሁ፣ እኔ እየተከፈለኝ ነፋስ ላይ እተኛለሁ።" ከዚያ ቤት ሁሉ ሰው የሆነው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሻወሩ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። ቧንቧው ደርቋል። ጥጉ ላይ ክዳን የሌለው በርሜል ውሃ ሞልቶ ቆሟል፣ ጆግ ተንሳፍፎበታል። ውሃ አለመኖሩ የድሬም የሐረርም የቆየ ችግር ነው፤ ለእሱ ሆቴሉን አልወቅስም። ክዳን አለመኖሩን ግን እወቅሳለሁ። በ2006 ድሬ ላይ የደንጊ ወረርሽኝ ነበር። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን በሙሉ አንጋለለው፤ የድሬ ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ሲያነክስ የሰነበተበት ነው። የሁለቱም አስተላላፊ ትንኝ የሚራባው እንዲህ ቤት ውስጥ በሚጠራቀም ንጹህ ውሃ ነው፤ የሚነክሰውም ቀን ነው። በ2014 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ያኔ ስሙ የተነሳው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የሚባለው የወባ ትንኝ ከእስያ የመጣ ሲሆን ረግረግ አይፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ወባ ከገጠር ወጥቶ ከተማ መሃል የገባው።

ስለዚህ ክፍል ስታዩ ከአልጋው በፊት ሻወር ቤቱን እዩ። ክፍት በርሜል ካለ፣ አጎበር ከሌለ፣ መስኮቱም ወንፊት ከሌለው፣ ሌላ ክፍል ጠይቁ ወይም ውጡ። አጎበር ስጠይቅ "እዚህ ትንኝ የለም" ነው የተባልኩት። ክንዴን አሳየኋት።

ማለዳ ቁልቢ ሄድን፣ ስለቱ ገባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ድሬ የተመለስነው ከቀትር በኋላ ነው። ሌላ ወጥመድ ጠበቀን። "ቼክ አውት 4 ሰዓት ነው፣ ስላለፈ ግማሽ ቀን ትከፍላላችሁ።" ልብ በሉ፣ እንግዳው ሁሉ የቁልቢ ነው። በ10 ሰዓት ሌሊት ወጥቶ በ4 ሰዓት ጠዋት የሚመለስ የቁልቢ ተሳላሚ የለም። ስንወጣ ሻንጣችንን ክፍሉ ውስጥ እንድንተው የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ብትከራከሩስ? መታወቂያችሁ እነሱ ጋ ነው። ስትገቡ "ለምዝገባ" ብለው ይወስዱትና እስክትወጡ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉታል።

በዚህ ላይ ፎጣ ጎድሏል ተባልን። 350 ብር። ለሁለት ሰው የሰጡን አንድ ፎጣ ነው፤ እሱም አልጋው ላይ አለ። አክስቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነበር። "ልጄ፣ ከገብርኤል ደጅ የመጣሁ ሴትዮ ፎጣ ሰርቄ ልሂድ?" አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የፎጣው ቀረ። የግማሽ ቀኑ ግን አልቀረም፤ መታወቂያችንን ያገኘነው ከፍለን ነው።

ልጅቷን አልፈርድባትም። ደሞዟ ስንት እንደሆነ መገመት አያቅተኝም፣ ወረቀቱን የለጠፈችውም እሷ አይደለችም። የሆቴሉን ስም የማልጽፈውም አንዱን አልፋችሁ ያው ዓይነቱ ሌላው ጋ እንዳትገቡ ነው። ስልቱን እወቁት።

ቀብድ የግድ ከሆነ በሆቴሉ ስም በተከፈተ የነጋዴ ቁጥር ይሁን። የግለሰብ ስም ከመጣ አትላኩ። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ለእነዚህ በጽሁፍ መልስ ተቀበሉ፦ ኤሲ አለው ወይ፣ ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ጨምሮ ስንት ነው፣ ክፍሉ ከሌለ ቀብዱ ይመለሳል ወይ። በቃል የተባለ ነገር ሪሴፕሽን ላይ ይተናል። በቴሌግራም የተጻፈ ግን ስክሪንሻት ይሆናል። ማስታወቂያውንም ፎቶ አንሱት፤ በኋላ ያጠፉታል። "ጄኔሬተራችሁ ኤሲ ያነሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ነገር ታጣራለች፤ የሚንተባተብ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ለቁልቢ ከሆነ የቼክ አውት ሰዓቱን ቀድማችሁ ተደራደሩ፣ ወይ ሻንጣውን ሪሴፕሽን አስቀምጣችሁ ክፍሉን አስረክባችሁ ውጡ። መታወቂያ ደግሞ አይተው፣ መዝግበው፣ ይመልሱ። ከፈለጉ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ።

ሕጉም ቢሆን ከእናንተ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ የአገልግሎት ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። "የበዓል ዋጋ" በልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ አልተለጠፈም። ለድሬዳዋ አስተዳደር ንግድ ቢሮ አቤት ማለት ይቻላል። እኔ ደረሰኙንና የቴሌብር መልእክቱን ይዤ ሄጃለሁ፣ ተመዝግቧል፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ሰዓቱን ግን አስተውሉ፤ ድሬ ከቀትር በኋላ ሰው የለም፣ ሁሉም ከሙቀቱ ተሸሽጓል፣ ወይ የጫት በርጫ ላይ ነው። በጠዋት ሂዱ።

መናኸሪያ ላይ "አልጋ፣ አልጋ" የሚሉ ልጆችና አንዳንድ ባጃጆች የሚወስዷችሁ ኮሚሽን ወደሚከፍላቸው ቤት ነው። ይሄ የድሬ ብቻ አይደለም። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ማታ በባቡር ስትገቡ ምርጫችሁ ጠባብ ነው፤ የት እንደምታድሩ ቀድማችሁ ወስኑ።

እኛ በማግስቱ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጌ ቤት ገባን። በ1895 ባቡሩ ድሬ ከደረሰ በኋላ ፈረንጆቹ ከዚራን ሲሠሩ ሙቀቱን አስበውበት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በረንዳ ያለው፣ ዛፍ የከበበው። ኤሲ የለውም፣ አላስፈለገንም። ዋጋው ሰማይ አልነካም፣ ሻወሩ የጋራ ነው፣ ባለቤቷ ሴትዮ የበርሜሏን ክዳን በድንጋይ ጭና ነው የምታስቀምጠው። ደረሰኝ ሳንጠይቅ ሰጠችን። ርካሽ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! ታች ያለው ክፍል ይቀዘቅዛል፣ ውሃም ቶሎ ይደርሰዋል። ደቻቱ ወንዝ ዳር ግን በክረምት ምድር ቤት አልይዝም። የ1998ቱ ጎርፍ በሌሊት ነው የመጣው፣ ብዙ ሰው በተኛበት ወስዷል።

ሙቀት የሚከብዳችሁ ሰዎች ሐረር ማደርንም አስቡበት። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኤሲ የሚባል ጣጣ የለም። እዚያ የምትጠይቁት ስለ ውሃ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የሐረር ውሃ ከድሬ ቆላ ተገፍቶ ተራራ እየወጣ ነው የሚመጣላት፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። "ሮቷችሁ ስንት ሊትር ነው? ዛሬ ሞልቷል?" በሉ።

የታኅሣሥ 19 ግርግር ከሐምሌው በብዙ ይበልጣል፣ የአልጋ ዋጋውም እንደዚያው። ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት ሳየው አሁንም አለ። ያው ፎቶ፣ ያው 900 ብር። የቴሌብር ቁጥሩን ብቻ ቀይረውታል።